ሳይወድ የጻፈው ዘፈን፦ ስለ «ዳንሲንግ ኢን ዘ ዳርክ» ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

የአሜሪካዊው የሮክ ድምፃዊ ብሩስ ስፕሪንግስቲን «ዳንሲንግ ኢን ዘ ዳርክ» የተሰኘ ነጠላ ዜማ ለሕዝብ የቀረበው በሜይ 1984 ነው። ስለ አሠራሩና በሙዚቃ ሰንጠረዥ ላይ ስላገኘው ደረጃ ከአንባቢያን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን ከዚህ በታች እመልሳለሁ። በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድምፃዊው ይህን ዘፈን የጻፈው ተገዶ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

«ተገዶ» ከማለት «ተናድዶ» ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል። ስፕሪንግስቲንና አጃቢ ቡድኑ ኢ ስትሪት ባንድ «ቦርን ኢን ዘ ዩኤስኤ» ለተባለው አልበም መቅዳት የጀመሩት በ1982 ሲሆን፣ እስከ 1984 መጀመሪያ የተጠራቀመው ዘፈን ለብዙ አልበም የሚበቃ ነበር። ሥራው አለቀ በተባለበት ሰዓት ላይ ግን ጆን ላንዳው፣ ቀድሞ የሙዚቃ ሐያሲ የነበረውና በኋላ የስፕሪንግስቲን ሥራ አስኪያጅና ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ የሆነው ሰው፣ በሬዲዮ ፊት ፊት እየሄደ የቀሩትን ዘፈኖች አስከትሎ የሚወጣ ነጠላ ዜማ አልበሙ እንደሚጎድለው ተናገረ። ስፕሪንግስቲን ሰባ ያህል ዘፈን እንደ ጻፈ፣ ሌላ የሚፈልግ ካለ ደግሞ ራሱ ይጻፈው ብሎ በቁጣ መለሰለት። ከዚያም ወደ ሆቴል ክፍሉ ገብቶ በዚያው ሌሊት ዘፈኑን ጻፈ። ቀረጻው ኒው ዮርክ በሚገኘው ሂት ፋክትሪ ስቱዲዮ በፌብሩዋሪ 1984 ተከናወነ።

ከዚህ ታሪክ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው፣ ቁጣው ከግጥሙ ውጭ ሳይሆን በግጥሙ ውስጥ መቅረቱ ነው። በዘፈኑ የሚናገረው ሰው ሲመሽ የሚነሣ፣ የሚናገረው ነገር የጠፋበት፣ ሲነጋ ወደ ቤቱ ተመልሶ በዚያው ስሜት የሚተኛ፣ ከሁሉም በላይ በራሱ የተሰላቸ ነው፤ ልብሱን፣ ጠጉሩን፣ መልኩን ቢለውጥ ይወዳል፤ ተቀምጦ ለመጻፍ መሞከሩም አንገሽግሾታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጽፍ ኖሮ «አንድ ጨምር» የተባለ ደራሲ በዚያ ሌሊት ሊጽፈው የሚችለው እውነተኛ ነገር ይኸው ነበር። የታዘዘውን ሰጠ፤ የሰጠው ግን የራሱን ድካም ነው። ዘፈኑ አርባ ዓመት አልፎትም የማያረጀው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ግጥሙ ይህን ያህል ካዘነ ሙዚቃው ለምን ያስጨፍራል?

ሙዚቃው ከግጥሙ ጋር ሆን ተብሎ የተቃረነ ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 150 ምት ገደማ ስለሆነ ሰውነት ከጆሮ ቀድሞ ይነቃነቃል። የማክስ ዋይንበርግ ድራም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አካሄዱን ሳይለውጥ ይመታል፤ በላዩ ደግሞ ሮይ ቢታን በሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር ኪቦርድ) የሚጫወታት አጭር ሐረግ እየተመላለሰች ትሰማለች። ስፕሪንግስቲን እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው በጊታር፣ በፒያኖና በሳክስፎን ስለነበር ሲንተሳይዘሩ ብዙ አድማጮችን አስደንግጧል። በተለይ ከሁለት ዓመት በፊት በቤቱ ውስጥ ባለ አራት ትራክ የካሴት መቅጃ ብቻውን የቀዳውን «ነብራስካ» የተሰኘ ጭር ያለ አልበም ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ድምፅ የሌላ ዘፋኝ ሊመስለው ይችል ነበር። ዘፋኙ ራሱ ከዓመታት በኋላ ሲያስረዳ፣ ይህ ዘፈን ወደ ፖፕ ሊሄድ የፈለገውን ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ ጥቂት አልፎ፣ እንደ ወሰደው ጽፏል።

እንዲያም ሆኖ ሲንተሳይዘሩ ለግጥሙ የሚጠቅም ይመስለኛል። ያቺ ሳትለወጥ የምትመላለስ ሐረግ የሰውየውን ሕይወት ትመስላለች። የክላረንስ ክሌመንስ ሳክስፎን የሚገባው ግጥሙ ካለቀ በኋላ፣ ዘፈኑ እየራቀ ሲሄድ ነው፤ ሰውየው በቃል ያላገኘውን መውጫ የሚያገኘው በዚያ ትንፋሽ ነው፤ ስለዚህ ማዳመጥ የጀመረ ሰው እስከ መጨረሻው ቢቆይ እመክራለሁ።

በቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ሳይሆን የቀረው ለምንድን ነው? አድልዎ ነበረበት?

አድልዎ አልነበረም፤ ጊዜው ነበር። ዘፈኑ ቢልቦርድ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት በየሳምንቱ በሚያወጣው «ሆት 100» የተሰኘ የዘፈኖች ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በጁን 1984 ማብቂያ ሲሆን አራት ሳምንት በዚያው ቆይቷል። በመጀመሪያው ሳምንት ከፊቱ የነበረው የእንግሊዙ ዱራን ዱራን «ዘ ሪፍሌክስ» ነው። በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ደግሞ የፕሪንስ «ዌን ዳቭስ ክራይ» መንገዱን ዘጋው። የፕሪንስ ዘፈን በአንደኝነት አምስት ሳምንት ቆይቶ በዓመቱ መጨረሻም ቢልቦርድ የ1984 ቀዳሚ ዘፈን ብሎ የመዘገበው ሥራ ነው። የቤዝ ድምፅ እንኳ ሳይኖረው አገሩን ሁሉ ካንቀጠቀጠ እንዲህ ካለ ዘፈን ቀጥሎ መቆም ለማንም ነውር አይሆንም።

ሰንጠረዡ በዚያን ጊዜ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማስታወስም ይጠቅማል። ዛሬ እንደምናየው በኮምፒዩተር የተቆጠረ ሽያጭና በኢንተርኔት የተደመጠበት ብዛት አልነበረም፤ የተመረጡ የሸክላ መደብሮች የትኛው ዘፈን በብዛት እንደ ተሸጠ በደረጃ አስቀምጠው ያሳውቃሉ፤ ሬዲዮ ጣቢያዎችም የሚያጫውቷቸውን ዘፈኖች ዝርዝር ይልካሉ፤ መጽሔቱ ሁለቱን አጣምሮ ደረጃውን ያወጣል። እያንዳንዱን ሽያጭ በመደብሩ መቁጠሪያ መሣሪያ መመዝገብና የጣቢያዎቹን ስርጭት በቀጥታ መከታተል በሆት 100 ላይ ሥራ ላይ የዋለው በ1991 መጨረሻ ነው። ስለዚህ የ1984ቱ «ሁለተኛ» በአንድ ሳምንት ውስጥ ዘፈኑ ከሌሎች አንጻር የት እንደ ቆመ የሚያሳይ ግምት ነው፤ ስንት ሰው እንደ ወደደው የሚነግረን ቁጥር አይደለም። ዘፈኑ በዚያው መጽሔት የሮክ ሬዲዮ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጥቶ ነበር፤ በ1985 ደግሞ ለስፕሪንግስቲን የመጀመሪያውን የግራሚ ሽልማት አስገኝቶለታል።

ላንዳው የጠየቀውም ተሟልቷል። ከአልበሙ ሰባት ነጠላ ዜማዎች ወጥተው ሰባቱም እስከ አሥረኛ ባለው ደረጃ ውስጥ ገብተዋል፤ ከሰባቱ ግን ሁለተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ሌላ የለም።

በክሊፑ መጨረሻ ከተመልካች መካከል ተነሥታ መድረክ ላይ የምትደንሰው ልጅ እውነተኛ አድናቂ ናት?

አይደለችም። ኮርትኒ ኮክስ የተባለች፣ ለዚሁ ሥራ የተመረጠች ጀማሪ ተዋናይ ነበረች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ «ፍሬንድስ» በተሰኘው ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ዓለም አወቃት። ክሊፑን ያዘጋጀው የፊልም ዳይሬክተሩ ብራያን ደ ፓልማ ሲሆን፣ ቀረጻው የተካሄደው የዓለም ዙሪያ የኮንሰርት ጉዞው በተጀመረበት በሚኔሶታ ግዛት በሴንት ፖል ከተማ፣ በጁን 1984 ማብቂያ ነው። ሕዝቡ ግን እውነተኛ ነው።

ለዳንስ ቤት ተብሎ የተሠራው ረጅም ቅጂ ለሮክ አድናቂዎች ክህደት አልነበረም?

በጊዜው እንደዚያ የተሰማቸው ነበሩ፤ ስሜታቸውን አልንቅም፤ ነገር ግን አልስማማበትም። ቅጂውን ያዘጋጀው አፍሪካ ባምባታ ከተባለው የሂፕ ሆፕ ሙዚቀኛ ጋር «ፕላኔት ሮክ»ን የሠራው አርተር ቤከር ነው። አዳዲስ ከበሮዎችና ድምፆች ጨምሮ በአሥራ ሁለት ኢንች ሸክላ ያወጣው ይህ ሥራ፣ የስፕሪንግስቲን ስም ተሰምቶባቸው በማያውቁ የዳንስ ቤቶች እንዲገባ አድርጎታል። የሮክ ሬዲዮና የጥቁሮች የዳንስ ሙዚቃ በተለያየ መንገድ በሚሄዱበት አገር፣ አንድ ዘፈን ሁለቱንም በር ማንኳኳቱን እንደ ክህደት ልቆጥረው አልችልም።

በእንግሊዝስ እንዴት ተቀበሉት?

መጀመሪያ ቀዝቀዝ ብለው ነበር። በ1984 ከ28ኛ ደረጃ አላለፈም፤ በ1985 መጀመሪያ ግን ተመልሶ ወደ ሰንጠረዡ ገብቶ አራተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል።

ስፕሪንግስቲን በሆት 100 አንደኛ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው?

በራሱ ስም ባወጣው ዘፈን እስከ ዛሬ አልወጣም። እርሱ የጻፈው «ብላይንድድ ባይ ዘ ላይት» ግን በማንፍሬድ ማን ኧርዝ ባንድ ተዘፍኖ በ1977 አንደኛ ሆኗል። ድምፁ የተሰማበትና አንደኛ የወጣው ደግሞ እኛን በቀጥታ የሚመለከተን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ለአገራችን ርዳታ ለማሰባሰብ የተዘፈነው «ዊ አር ዘ ወርልድ»። ስፕሪንግስቲን በኒው ዮርክ ግዛት በሲራኪዩስ ከተማ የጉዞውን አንድ ምዕራፍ የዘጋው በጃንዋሪ 1985 ሲሆን፣ በማግስቱ ወደ ሎስ አንጀለስ በረረና በዚያው ሌሊት ከማይክል ጃክሰን፣ ከላይነል ሪቺ፣ ከሬይ ቻርልስና ከሌሎች ብዙዎች ጋር ዘፈነ። በጉዞ የተጎዳው ሻካራ ድምፁ ከሁሉም ተለይቶ ይሰማል። ዘፈኑ በኤፕሪል 1985 አንደኛ ወጥቶ አራት ሳምንት ቆየ። ገቢው ለዚሁ ርዳታ ለዋለው አልበም ደግሞ ስፕሪንግስቲን የጃማይካዊው ጂሚ ክሊፍ ድርሰት የሆነውን «ትራፕድ» በመድረክ ላይ ሲዘፍን የተቀዳውን ሰጥቷል፤ እስካሁን ያልሰማችሁት ካላችሁ ፈልጋችሁ ስሙት።