«ቤት» ከፊት ሲመጣና ከኋላ ሲመጣ

ጥያቄ፦ የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ በመንገድ ያሉትን ማስታወቂያዎች እያነበበች «ሥጋ ቤት፣ ምግብ ቤት እያልን ለምን ቤተ መጻሕፍት እንላለን? ለምን መጻሕፍት ቤት አልሆነም?» ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁላት። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ «ቤት» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው ይላሉ። እውነት ነው ወይ? በከተማው ዳር የሚሠሩትንስ «ጨረቃ ቤት» የሚሏቸው ስለ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከጎረቤትዎ ሐሳብ ብንጀምር፣ የዐረብኛው «በይት» እና የእኛው «ቤት» ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንዱ ከሌላው የተዋሰው አይደለም። ዕብራይስጡ «ባይት»፣ ጥንታዊው አካድኛ ደግሞ «ቢቱ» ይለዋል፤ ሁሉም ከአንድ የሴም ቋንቋዎች ግንድ የወረሱት ቃል ነው። ፊደላችንም ምስክር ነው። በግእዙ ተራ ከ«ሀ» ጀምረን ስንቆጥር ዘጠነኛው ፊደል «በ» ሲሆን ስሙ «ቤት» ይባላል፤ የዕብራይስጡም አቻ ፊደል ስሙ ይኸው ነው፤ ግሪኮች «ቤታ» ያሉትም እርሱን ነው። ልጅዎ «በ»ን ስትጽፍ ቢያዩአት፣ በሁለት ቋሚዎች ላይ የተዘረጋ ጣሪያ መሥራቷን ያስተውላሉ።

የልጅዎ ጥያቄ ግን ከሁሉም የሚጠልቅ ነው። የሰዋስው መምህራን «የንጉሥ ቤት» በሚለው ሐረግ «የንጉሥ» የሚለውን ገላጭ ዘርፍ፣ «ቤት» የሚለውን ዋና ስም ባለቤት ይሉታል። በአማርኛ ዘርፉ ይቀድማል፤ በግእዝ ግን ባለቤቱ ቀድሞ ዘርፉ ይከተላል፤ ያን ጊዜም የባለቤቱ መጨረሻ ሳድሱ (ስድስተኛው ድምፅ) «ት» ወደ ግእዙ (መጀመሪያው ድምፅ) «ተ» ይለወጥና «ቤተ» ይሆናል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መጻሕፍት እንዲሁም የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ በግእዝ ሥርዐት የተገጠሙ ናቸው፤ ሥጋ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ፍርድ ቤትና ትምህርት ቤት ደግሞ በአማርኛ ሥርዐት። «ቤተሰብ» የምንለውም «ቤተ ሰብእ» ማለትም የሰው ቤት ነበር፤ ሲዘወተር አንድ ቃል ሆነ።

ይህ የቃላት የዕድሜ ልዩነት ነው ብሎ መደምደም ግን አይገባም። «ቤተ ሙከራ» በዘመናዊ ትምህርት የመጣ አዲስ ቃል ሳለ በግእዝ ሥርዐት ተሰይሟል፤ እንዲያውም «ሙከራ» ራሱ አማርኛ ነው። በእኔ እምነት የሚወስነው የሰያሚው ማንነት ነው፦ ሊቃውንት ሲሰይሙ ወደ ግእዝ ያዘነብላሉ፣ ገበያው ሲሰይም በአማርኛው ይሄዳል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲኖሩ ትርጉም ይለያሉ። መዝገብ ቤት በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል የሚጠበቅበት ክፍል ሲሆን፣ ቤተ መዛግብት ግን የቆዩ ሰነዶች ለታሪክ የሚቀመጡበት ነው። ልጅዎ የጠየቀችው ዓይነት ቃልም አለ፤ በአብነት (በባህላዊው የቤተ ክርስቲያን) ትምህርት ከዜማ ቤትና ከቅኔ ቤት ጋር «መጻሕፍት ቤት» ሲባል ትርጓሜ የሚሰማበት ጉባኤ ማለት እንጂ መጽሐፍ የሚዋሱበት ቦታ ማለት አይደለም። በብዙ ቁጥርም ይለያያሉ፤ ምግብ ቤቶች፣ ፍርድ ቤቶች እንላለን፤ አብያተ ክርስቲያናት፣ አብያተ መጻሕፍት እንላለን። «ቤተ መጻሕፍቶች» የሚለው በየጽሑፉ እየበዛ ቢሄድም፣ «መጻሕፍት» ራሱ ብዙ ቁጥር ስለሆነ ባይጻፍ እመርጣለሁ።

«ጨረቃ ቤት» የገበያው ስያሜ ነው። ያለ ፈቃድ፣ ደንብ አስከባሪ ሳይደርስ፣ በሌሊት በጨረቃ ብርሃን ማገሩ ተመትቶ ቆርቆሮው የሚለብስ ቤት ስለሆነ ይህን ስም አገኘ። ስሙ የሚናገረው ስለተሠራበት ሰዓት ብቻ ስለሆነ የነዋሪው መስደቢያ ሊሆን አይገባም፤ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ «ሕገ ወጥ ግንባታ» ተብሎ የሚጻፈውም ይኸው ነው።