የሚያብጥ መሬት፣ የሚንቀጠቀጥ መሬት፦ መሠረቱን እንዴት ልጣል ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መሬቱ በደረቁ ወቅት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ሸክላ አፈር ነው። አካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ አያጣውም። አሁን ፎቅ የሌለው ቤት ትሠራለህ፣ ወደፊት አንድ ፎቅ ልትጨምርበት ታስባለህ። አንዱ ግንበኛ «አንድ ሜትር ቆፍረን በድንጋይ እንገንባው» ብሎሃል፤ ሌላው «ሸክላውን አውጥተን ጉድጓዱን በአሸዋ እንሙላው» ብሎሃል። ማንን ልስማ ነው ጥያቄህ። እኔ ሁለቱንም አትስማ እላለሁ። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ፤ አለዚያ ነገ ሦስተኛ ግንበኛ መጥቶ ሌላ ነገር ያሳምንሃል።

መሐንዲስ አይደለሁም። ሃያ ዓመት ያህል በግንባታ ቦታ ውዬ ያደርኩ፣ መጀመሪያ ፌራዮ፣ ማለትም ብረት አጣፊና አሳሪ፣ በኋላም ፎርማን የነበርኩ ሰው ነኝ። የራሴንም ቤት እንዲህ ባለ አፈር ላይ ሠርቼ ዋጋውን ከፍዬበታለሁ።

ከአፈሩ እንጀምር። ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲርስ ጫማ የሚነቅል ሸክላ አብዛኛውን ጊዜ ሞንትሞሪሎናይት የሚባል ማዕድን አለው። ማዕድኑ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ ነው፤ ውሃ በገጾቹ መካከል ሲገባ ይራራቃሉ፣ አፈሩም ያብጣል፤ ውሃው ሲወጣ መልሶ ይኮማተራል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ቤቱ እንዳይሰምጥ ነው፤ እዚህ ግን ቀላል ቤት ከመስመጥ ይልቅ ወደ ላይ ይገፋል። በጣም የሚያብጥ ሸክላ የሚገፋበት ኃይል በካሬ ሜትር ከ20 ቶን ሊያልፍ ይችላል፤ ፎቅ የሌለው ቤት በመሠረቱ በኩል የሚያሳርፈው ክብደት ብዙ ጊዜ በካሬ ሜትር ከ5 ቶን እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ «ለጥንቃቄ መሠረቱን ሰፋ እናድርገው» የሚለው ምክር ሁልጊዜ አያዋጣም። ባሰፋኸው መጠን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል፣ አፈሩም በቀላሉ ያነሣዋል።

ቤቱ በሙሉ እኩል ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ኖሮ አታውቀውም ነበር። ቤት የሚሰነጠቀው አንዱ ጥግ ሲነሣ ሌላው ሲቀር ነው። ከወለሉ በታች ያለው አፈር ፀሐይ ስለማያገኘው እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ በዳር ያለው ግን በየወቅቱ ይርሳል፣ ይደርቃል። አንዴ መሐሉ እንደ ጉብታ ይነሣል፣ አንዴ ዳር ዳሩ።

የእኔ ቤት ለብቻቸው በቆሙ ፉቲንጎች፣ ማለትም በየኮለኑ (ምሰሶው) እግር ሥር በሚሞሉ የአርማታ መሠረቶች ላይ ነበር፣ ጥልቀታቸው 1 ሜትር ከ20፣ በቢም (በአግዳሚ የአርማታ ወጋግራ) የታሰሩት ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። በአንዱ ማዕዘን የጣሪያው አሸንዳ ይንጠባጠባል፤ በተቃራኒው ማዕዘን ሁለት ባሕር ዛፎች ነበሩ። አንዱን ጥግ ውሃ አጠጣለሁ፣ ሌላውን ዛፎቹ ይመጥጡታል። በሁለተኛው ዓመት ከበሩ መቃን ራስ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ ታየ። በስንጥቁ ግራና ቀኝ በእርሳስ መስመር አስምሬ ቀኑን ጻፍኩበት። በደረቁ ወቅት 4 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፣ ዝናብ ሲገባ ወደ 1 ይመለሳል። በሩ በዝናብ ወራት በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። ግንበኛ ጠርቼ ስንጥቁን በሲሚንቶ አስደፈንኩት፤ ይህ ሁለተኛው ስህተቴ ነበር። ዝናቡ መጥቶ ስንጥቁ ሊዘጋ ሲል የተደፈነው ሲሚንቶ አላዘጋ አለውና ጎን ለጎን ያለውን ልስን ፈንቅሎ ጣለው። መፍትሔ የሆነኝ አሸንዳውን ማስተካከል፣ ዛፎቹን ማስወገድና ዙሪያውን በአርማታ ንጣፍ መክበብ ነው። ይህን ካደረግኩ ከሁለት ዓመት በኋላ ስንጥቁ መከፈትና መዘጋቱን ተወ፤ ያኔ ደፈንኩት።

አንተ ገና ስላልቆፈርክ አፈርህን መጀመሪያ እወቀው። ቀላሉ ሙከራ ይህ ነው፦ የደረቀውን አፈር አድቅቀህ በደቃቅ ወንፊት ንፋውና 10 ሚሊ ሊትር ያህሉን ውሃ በሞላ ባለ 100 ሚሊ ሊትር መለኪያ ብልቃጥ ውስጥ ቀስ ብለህ ጨምረው። በማግስቱ የተዘቀጠው አፈር 20 ላይ ከደረሰ እጥፍ አብጧል ማለት ነው፤ ይህን ያህል የሚያብጥ አፈር ቀላል ቤት ይጎዳል። ከ15 በታች ከሆነ ትንሽ እፎይ በል። ይህ ግን ለወሬ ያህል ነው። እውነተኛው ሥራ ከ3 ሜትር የማያንስ የሙከራ ጉድጓድ ማስቆፈርና ናሙናውን ላቦራቶሪ መላክ ነው። የአውስትራሊያው የመኖሪያ ቤት መሠረት ደረጃ፣ ኤኤስ 2870፣ እንዲህ ያለውን መሬት የሚመድበው ላዩ በወቅት መፈራረቅ ስንት ሚሊ ሜትር ከፍ ዝቅ እንደሚል አስልቶ ነው፤ እስከ 20 ድረስ ጥቂት፣ ከ20 እስከ 40 መካከለኛ፣ ከ75 በላይ እጅግ የከፋ። መሐንዲስህን «የእኔ መሬት ስንት ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል?» ብለህ ጠይቀው። ቁጥር ሳይሰጥህ ንድፍ ከሰጠህ ሌላ መሐንዲስ ፈልግ።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ። ለስላሳ አፈር ከሥሩ የመጣለትን ውዝዋዜ ያጎላዋል። መስከረም 19 ቀን 1985 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሜክሲኮ ሲቲን የመታው መንቀጥቀጥ መነሻው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነበር፤ ከተማው ውስጥ ክፉኛ የተጎዱት ግን በጥንቱ ሐይቅ ወለል ሸክላ ላይ የቆሙት፣ በተለይም ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ናቸው። ወፍራሙ ሸክላ በዝግታ፣ በሁለት ሰከንድ ገደማ አንድ ጊዜ ይወዛወዝ ስለነበር ከእነዚያ ሕንፃዎች ምት ጋር ገጠመ። «የእኔ ቤት አጭር ነው፣ አይመለከተኝም» እንዳትል። ጥቂት ሜትር ብቻ የሆነ ሸክላ በድንጋይ ላይ ሲነጠፍ ውዝዋዜው ፈጣን ይሆንና ለአጭሩ ቤት ይቀርባል። የሸክላውን ውፍረት ማወቅ ያለብህ ለዚህም ጭምር ነው።

በነገራችን ላይ «መሬቱ በመንቀጥቀጥ ወደ ውሃነት ይለወጣል» ሲባል የሰማኸው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በጃፓን ኒጋታ፣ በ2011 በኒው ዚላንድ ክራይስትቸርች የታየው ነገር፣ በዋናነት በውሃ የተሞላ ልል አሸዋና ደለል ጣጣ ነው። ሸክላህ ሥር እንዲህ ያለ የአሸዋ ንጣፍ ካለና የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ከሆነ ግን የሙከራ ጉድጓዱ ይንገርህ።

ሸክላው «ከእኔ ተላቀቅ» ይላል፣ መንቀጥቀጡ «ሁሉንም እሰር» ይላል። የሚጋጩ ይመስላል እንጂ አይጋጩም፤ ቤቱን የምታስረው ከራሱ ጋር ነው፣ ከላይኛው አፈር ጋር አይደለም። ይህን የተማርኩት ከበረንዳዬ ነው። የበረንዳው ኮለኖች የቆሙት ለብቻቸው ነበር፣ ከቤቱ ፉቲንጎች ጋር የሚያያዛቸው ቢም አልነበረም። መካከለኛ መንቀጥቀጥ መጥቶ ሲያልፍ ዋናው ቤት ልስን ብቻ ጣለ፤ የበረንዳው ቢም ግን ከግድግዳው አንድ ጣት ተላቆ ተገኘ።

እንደ እኔ ለቤትህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ድፍን ወለል መሠረት ነው፦ ሶሌታው፣ ማለትም የወለሉ የአርማታ ንጣፍ፣ ከሥሩ በሁለቱም አቅጣጫ፣ በየ3 ወይም 4 ሜትሩ ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ቢሞች ይኖሩታል፤ ሁሉም አብሮ የተሞላ አንድ አካል ነው። አፈሩ በአንድ ጥግ ሲነሣ ቤቱ እንደ ትሪ ዘንበል ይላል እንጂ አይሰበርም፤ ሲንቀጠቀጥም ኮለኖቹ አይራራቁም። መካከለኛ እብጠት ላለው መሬት እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሁለተኛው ለከፋው መሬት ነው፦ እርጥበቱ ከማይለዋወጥበት ጥልቀት የሚደርስ፣ ጫፉ እንደ አምፖል የሰፋ የአርማታ ፓይል፣ ማለትም ወደ መሬት ጠልቆ የሚወርድ ምሰሶ። በህንድ ሩርኪ ያለው የሕንፃ ምርምር ተቋም ለጥቁር ሸክላ አፈር ያስፋፋው ዘዴ ነው፤ አምፖሉ ከፓይሉ ዘንግ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሰፋል፣ ጥልቀቱም ብዙ ጊዜ ከ3 ሜትር ተኩል ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ከቢሞቹ ሥር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተዋል፣ አፈሩ ሲያብጥ የሚገባበት። ይህን ባዶ ቦታ «ክፍተት ተረሳ» ብሎ በድንጋይ የሚሞላ ትጉህ ሠራተኛ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ በዚያ ቀን ከቦታው አትለይ። ፓይሉም ብረቱ እስከ ታች መድረስ አለበት፤ ሸክላው ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ መንቀጥቀጡ አንገቱ ላይ ያጎብጠዋል።

የድንጋዩ ግንብ የቀረው ለዚህ ነው፤ ብረት የሌለው ግንብ መጎተትም መጉበጥም አይችልም። አሸዋው ደግሞ ይባስ። በሸክላ መሐል ጉድጓድ ቆፍረህ በአሸዋ ስትሞላ ውሃ የሚያጠራቅም ገንዳ ሠርተሃል፤ የዝናቡ ውሃ በአሸዋው ገብቶ ከሥር ካለው ሸክላ ጋር ያድራል። አፈር መለወጥ ካስፈለገ የሚሞላው የማያብጥ ግን ውሃ በቀላሉ የማያሳልፍ ገረጋንቲ ነው፤ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየተነጠፈ፣ እየረጠበና እየተጠቀጠቀ።

ስለ ብረቱ ረጅም ነገር መጻፍ እችል ነበር፣ ሙያዬ ነውና። አንዱን ብቻ አጥብቀህ ያዝ፦ የስታፋውን ጫፍ። ስታፋ የኮለኑን ረጃጅም ብረቶች ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት ብረት ነው። ፌራዮው ስታፋውን በጣውላ ላይ በመታው ሚስማር መካከል ሲያጥፍ የመጨረሻዋን ጫፍ 90 ዲግሪ ላይ ማቆም ይቀናዋል፤ በኮለኑ ብረት ላይ ማስገባትም ይቀላል። በመንቀጥቀጥ ጊዜ ግን የውጪው ኮንክሪት ሽፋን ሲረግፍ ያ ጫፍ ይከፈታል፣ ዋናዎቹ ብረቶች ወደ ውጭ ይጎብጣሉ። ጫፉ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮንክሪቱ ልብ መግባት አለበት፣ ከ7 ሳንቲ ሜትር ተኩል የማያንስ ርዝመት ይዞ። አንድ ስታፋ አንሣና ከፊትህ ያዘው፤ ጫፉ ወደ መሐል የማያይ ከሆነ ሁሉንም መልስ። ከፉቲንጉ እንደወጣ የኮለኑን ብረት መቀጠልም የተለመደ ጥፋት ነው፤ ቅጥያው ወደ ኮለኑ ወገብ ይሂድ። አፈር በሚነካበት በኩል ብረቱን የሚሸፍነው ኮንክሪት 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሁን፣ ብረቱም በድንጋይ ፍንካች ሳይሆን በተዘጋጀ የኮንክሪት ማስቀመጫ ላይ ይረፍ።

በኮንክሪቱ ላይ የምታየው ዋና ጠላት የውሃ ባልዲ ነው። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ውሃ ጣሪያው ነው፤ በአሸዋው ውስጥ ያለው እርጥበትም በዚሁ ይቆጠራል። ሠራተኛው «አልፈስ አለ» ሲል ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያስተኛውን ቪብሬተር ስጠው፣ ውሃ አትስጠው። ከተሞላ በኋላ ደግሞ ሰባት ቀን እርጥብ ሆኖ ይቆይ።

ቤቱ ካለቀ በኋላ ውሃው ያንተ ሥራ ነው። ዙሪያውን ከ1 እስከ 1 ሜትር ተኩል የሚሰፋ፣ ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ የአርማታ ንጣፍ አድርግ። የውሃና የፍሳሽ ቧንቧ በቢም ውስጥ ሲያልፍ ሰፋ ያለ ቀዳዳና የሚተጣጠፍ መጋጠሚያ ይኑረው፤ ድርቅ ብሎ የታሰረ ቧንቧ አፈሩ ሲነሣ ይሰበራል፣ የሚያፈሰውም በትክክል ከመሠረትህ ሥር ነው። ዛፍ ከቤቱ የሚርቀው ሲያድግ ሊደርስበት በሚችለው ቁመት ልክ ነው።

ፎቁን በሚመለከት፣ ልትጨምር ካሰብክ መሠረቱም ኮለኑም ዛሬውኑ ለሁለቱ ወለል ይሰላ። መሐንዲሱ ሳያውቅ በኋላ የሚወጣ ፎቅ በመንቀጥቀጥ ቦታ በራስ ላይ መፍረድ ነው።

መቼ ልቆፍር ላልከው፦ ስንጥቁ አፉን በከፈተበት የድርቅ ጫፍ አይሁን፣ ዝናብ በሚወርድበት ሳምንትም አይሁን። ዝናቡ ካቆመ ጥቂት ሳምንታት ቆይተህ፣ አፈሩ መካከለኛ እርጥበት ሲይዝ ጀምር። የቆፈርከውን ጉድጓድ ወለል በዚያው ቀን 5 ሳንቲ ሜትር ስስ ኮንክሪት አልብሰው፤ ፀሐይ ያደረቀው ወይም ውሃ የተኛበት ወለል ከሆነ ግን ያን የአፈር ንጣፍ ጠርገህ አውጣውና እንደገና ጀምር።