የባሕርይ መጠይቅና የሙያ ምርጫ

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። አካውንቲንግ ልመርጥ አስቤ ነበር። ማየርስ ብሪግስ የተባለውን የባሕርይ መጠይቅ ስሞላ ግን «አይኤንኤፍጄ ነሽ፣ ለምክር አገልግሎት ትሆኛለሽ» አለኝ። ደግሜ ስሞላው «አይኤንኤፍፒ» ሆነ። የቱን ልመን?

መልስ፦ አካውንቲንግን በዚህ ምክንያት አትተይ። መጠይቁ ሰውን በአራት የባሕርይ መስመሮች ግራና ቀኝ ይከፍላል፤ ከእያንዳንዱ መስመር አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ይሰጣል፣ «አይኤንኤፍጄ»ም የአራቱ ፊደሎች ስም ነው። ወደ አንዱ ጎን 51 በመቶ ብታጋድይም 90 በመቶ ብታጋድይም የሚሰጥሽ ፊደል ያው ነው። መሀል አካባቢ ያለ ሰው አንድ ሁለት መልስ ሲቀይር ፊደሉም ይቀየራል፤ ያንቺም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። አሳታሚው ራሱ እንኳ ለሠራተኛ ቅጥር አይውልም ይላል።

ለአንቺ ጥያቄ የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ የጆን ሆላንድ አከፋፈል ይሻላል፤ የሚለካው የሥራ ዝንባሌን ነውና። ዘርፎቹ ስድስት ናቸው፦ የእጅና የመሣሪያ ሥራ፣ ምርምር፣ ኪነ ጥበብ፣ ሰውን ማገዝ፣ ንግድና አመራር፣ መዝገብና ሥርዓት። አካውንቲንግ በዋናነት የመጨረሻው ውስጥ ይገባል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ኦኔት በተባለው ድረ ገጹ 60 ጥያቄ ያለው መጠይቅ በነፃ ያቀርባል። ስትሞዪ ደመወዙን፣ ችሎታሽንና የቤተሰብሽን ምኞት እርሺ፤ «ይህን መሥራት ደስ ይለኛል?» ብቻ በዪ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከፍተኛ ነጥብ ያገኙትን ሦስት ዘርፎች ያዢ፤ ልዩነታቸው ጥቂት ከሆነ እኩል ቁጠሪያቸው።

ዝንባሌ ግን ችሎታ አይደለም። የሒሳብ ባለሙያ ፈልጊና ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሠራ በሰዓት በሰዓት ጠይቂው፤ ከተቻለ በሐምሌ፣ የግብር ጥድፊያው ላይ፣ ቢሮው ገብተሽ እዪ።