የጠፋው ቢፊዶባክቴሪየም

ጥያቄ፦ ጡት ብቻ ከሚጠቡ ሕፃናት ሰገራ ዲኤንኤ አውጥተን፣ በ27ኤፍ ፕራይመር (ማባዛቱን በሚያስጀምር አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) አባዝተን ባክቴሪያዎችን ለመለየት የሚያገለግለውን የ16ኤስ ዘረመል በሴኩዌንሲንግ (ፊደላቱን በማንበቢያ ማሽን) አስነበብን። ቢፊዶባክቴሪየም የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ይበዛል ብለን ብንጠብቅም የለም ማለት ይቻላል። ጥፋቱ የማሽኑ ነው?

መልስ፦ ማሽኑን ተዉት፤ የቀረበለትን ነው ያነበበው። ዋናው ተጠርጣሪ እዚያው ጥያቄያችሁ ውስጥ አለ። የተለመደው 27ኤፍ ፕራይመር 20 የዲኤንኤ ፊደላት ሲኖሩት፣ ከቢፊዶባክቴሪየም ዘረመል ጋር በ3ቱ አይገጥምም። በመጀመሪያዎቹ የፒሲአር (ዲኤንኤ የማባዛት) ዙሮች የተበለጠ ባክቴሪያ ደግሞ 30ኛው ዙር ላይ ሲደረስ ከእይታ ይጠፋል። ለቢፊዶባክቴሪየም የሚገጥም ቅጂ የተቀላቀለበት 27ኤፍ ተጠቀሙ፤ ወይም በ515ኤፍ እና 806አር ፕራይመሮች ቪ4 ወደሚባለው የዚያው ዘረመል ክፍል ዙሩ። እኛ ቪ4ን እንመርጣለን። ቁራጩ 250 ፊደላት ገደማ ስለሆነ፣ ከሁለቱም ጫፍ 250 ፊደል ሲነበብ ንባቦቹ ተደራርበው ይተራረማሉ። ያወጣችሁት ዲኤንኤ ተርፎ ከሆነ በዚያው ሞክሩት፤ አዲስ ናሙና አያስፈልግም።

አሁንም ካልታየ ወደ ዲኤንኤ አወጣጡ ተመለሱ። ቢፊዶባክቴሪየም ግራም ፖዘቲቭ ነው፤ ወፍራም ግድግዳው በኬሚካል ብቻ በደንብ አይሰበርም። ኢ. ኮላይ የተባለው ሌላው የአንጀት ባክቴሪያ ግን ቶሎ ስለሚፈርስ ከእውነተኛ ድርሻው በላይ ይታያል። 200 ሚሊግራም ያህል ሰገራ 0.1 ሚሊሜትር የዚርኮኒያ ዶቃዎች ባሉበት ቱቦ አድርጋችሁ፣ በዶቃ መፍጫ ማሽን ለ1 ደቂቃ ሦስት ጊዜ አናውጡ፤ በየመሀሉ በረዶ ላይ አቀዝቅዙ። ናሙናው ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ውሎ ከነበረም ኢ. ኮላይና ዘመዶቹ ይባዙበታል። ወዲያው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ማስገባት ካልተቻለ 95 በመቶ ኤታኖል ይሻላል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ የማይጠፋው 70 በመቶው ለዚህ አይሆንም።

ባክቴሪያዎቹና መጠናቸው የሚታወቅ ድብልቅ ከናሙናዎቹ ጋር አብሮ ይለፍ። ቢፊዶባክቴሪየም ድብልቁ ውስጥ ታይቶ ሕፃናቱ ላይ ከጠፋ፣ በእርግጥም ላይኖር ይችላልና በኦፕራሲዮን መወለዳቸውንና አንቲባዮቲክ መውሰዳቸውን ከመዝገቡ ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ናሙና ያልገባበት ባዶ ቱቦም ባክቴሪያ አሳየ። ውጤቱ ይጣል?

መልስ፦ አይጣልም። የዲኤንኤ ማውጫ ኪቱ (የኬሚካሎቹ ጥቅል) ራሱ ጥቂት የባክቴሪያ ዲኤንኤ አለበት። ሰገራ ላይ እምብዛም አያሳስብም፤ ከቆዳ ወይም ከሳንባ በሚወሰድ ጥቂት ናሙና ላይ ግን ዋናውን ሊውጠው ይችላል። ባዶው ላይ የታየውን ሁሉ በጅምላ አትሰርዙ፤ በናሙና ሳህኑ ላይ ካለ ጎረቤት ጉድጓድ የፈሰሰ የራሳችሁ ናሙና ሊሆን ይችላል። ዲኤንኤ ባወጣችሁ ቁጥር ባዶ ቱቦ አስገቡ፤ የኪቱን የምርት ቁጥርም መዝግቡ።