ጥያቄ አለኝ፦ ደጋ ላይ ብርቱካን ይሆናል እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን። የዛሬ 3 አመት ከአዳማ ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ አምጥቼ ጓሮዬ ተከልኩ። ሎሚው ባለፈው ህዳር በአንድ ሌሊት ውርጭ ጠቁሮ ቀረ። ብርቱካኖቹ አልሞቱም ግን ስንዝር አልጨመሩም፣ አንደኛው ሶስት ፍሬ ይዞ ነበር፣ መልኩ ሲያዩት ያምራል ሲቀምሱት ፊት ያጨማድዳል። ነቅዬ ልጣላቸው ወይስ ሌላ ዘር ልሞክር?

መልስ፦ ጋሼ እንኳን ጻፉልን። ሎሚው ቀድሞ መሞቱ አይግረምዎ፣ እኛ ሎሚ የምንላት ትንሿ ክብ ቆዳዋ ስስ የሆነችው ፈረንጅ ላይም ከሚለው ወገን ናት፣ ከሲትረስ፣ ማለትም ከብርቱካንና ሎሚ ቤተሰብ ሁሉ እሷና ትርንጎ ናቸው ብርድ የማይችሉት፣ ከዜሮ በታች አንድ ሁለት ዲግሪ ሲወርድ አለቀላቸው። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ትልቁ ቢጫ ሎሚ፣ ጫፉ ሾል ያለው፣ እሱ ሌላ ዘር ነው፣ ትንሽ ይጠነክራል።

ብርቱካኑ ላይ ግን ችግሩ ውርጭ ሳይሆን ሙቀት ማጣት ነው። ሲትረስ ከ13 ዲግሪ በታች እድገቱን ያቆማል፣ እርሶ አገር ደግሞ የአመቱ አማካይ ሙቀት እዛው አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ዛፉ ቀን ላይ ትንሽ ሰርቶ ማታ ስራ ያቆማል፣ ፍሬው ውስጥ ያለው አሲድ የሚቀንሰው ደግሞ በሙቀት ነው። መልኩ ያማረው ለምን መሰልዎት፣ ቆዳውን ብርቱካናማ የሚያደርገው የሌሊት ቅዝቃዜ ስለሆነ ነው፣ ቆላ ላይ እኮ ውስጡ ማር ሆኖ ላዩ አረንጓዴ የሚቀር ሞልቷል። እንግዲህ ደጋ ላይ በቀለም አይታለሉ።

እኔ ብሆን ድሮም ጎምዛዛ ሆኖ የሚበላውን ነው የምተክለው፣ ማለትም ያንን ትልቁን ቢጫ ሎሚ፣ ለመጣፈጥ ሙቀት አይጠብቅማ። ዩሬካና ሊዝበን የሚባሉ አሉ፣ ከሁለቱ ብርድ የሚችለው ሊዝበን ነው፣ እሾሁ ግን አይጣል ነው። ጣፋጭ ካልሆነ ካሉ መንደሪን ይሞክሩ፣ በተለይ ሳትሱማ የሚባለውን ካገኙ፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ዛፉም ከብርቱካን የበለጠ ብርድ ይችላል። ግሬፕ ፍሩትን ይርሱት፣ ከሁሉም በላይ ሙቀት የሚፈልገው እሱ ነው። ከፍሬ የበቀለ ሳይሆን የተዳቀለ፣ ማለትም ቅርንጫፉ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተቀጠለ ችግኝ ይግዙ፣ ካልሆነ ስንት አመት ነው የሚጠብቁት።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ብርድ እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈሳል፣ ጓሮዎ ተዳፋት ከሆነ ግርጌው ላይ አይትከሉ። የከሰአት ፀሀይ የሚመታው የድንጋይ ግድግዳ ካለ እሱን ተጠግቶ ይተከል፣ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ የሌለበት ማታ ሲሆን አፈሩን ቀን ላይ አጠጥተው ማታ ዛፉን በጆንያ ይሸፍኑት፣ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል፣ ጠዋት መግፈፉን አይርሱ። ብርቱካኖቹን አይንቀሉ፣ ማርማላታ ይወጣቸዋል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ሜየር ሎሚ በፖት አለኝ፣ ክረምት ቤት ሳስገባው ቅጠሉ ይረግፋል፣ ውሃ አንሶት ይሆን?

መልስ፦ አይደለም እህቴ፣ ብዙ ጊዜ ስሩ በርዶት ነው። መስኮት ስር ቀዝቃዛ ወለል ላይ ሲቀመጥ ፀሀዩ ቅጠሉን ያሞቀዋል፣ ስሩ ግን ተኝቷል፣ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉን ይጥላል። ያኔ ሰው ደንግጦ ውሃ ይጨምርለታል፣ ስሩ ይበሰብሳል፣ የኔ ሁለቱ እንደዛ ነው የሞቱት። ፖቱን ከወለሉ አንሺውና ጣውላ ላይ አስቀምጪው፣ አፈሩን በጣትሽ ነክተሽ ደረቅ ሲሆን ብቻ አጠጪ። ሜየር ከመንደሪን ወገን ደም ስላለው ከሌላው ሎሚ ይበረታል፣ ስለዚህ ውጪ ትንሽ ይቆይ፣ ውርጭ ሊመጣ ነው ሲባል ግን አስገቢው።