ሰሜን ሸዋ በ3 ቀን፣ ያለ መኪና፣ እናትን ይዞ

የእህታችን ጥያቄ ይህ ነው፦ አራት ሆነው፣ እናታቸውን ጨምረው፣ የራሳቸው መኪና ሳይኖራቸው ከፒያሳ ተነስተው በ3 ቀን ሰሜን ሸዋ ውስጥ የትኞቹን ትንንሽ ከተሞች ይዩ? ብዙዎቻችሁ ስትመልሱላት «ደብረ ብርሃን» ብላችሁ አልፋችኋል። ደብረ ብርሃን ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆራት፣ ብርድ ልብሷም አረቄዋም የታወቀ ከተማ ናት፤ ግን ለእናንተ መኪና መቀየሪያና ማደሪያ ናት እንጂ የሚታየው ነገር ያለው እዚያ አይደለም። አገሩ የሚያምረው ደጋው አልቆ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ነው። አንኮበርም ጣርማ በርም ጓሳም ያሉት በዚሁ አፋፍ ነው።

አፋፉን የሚያዝዘው ደግሞ ጉም ነው። ከቆላው የሚነሳው እርጥብ ሙቅ አየር ገደሉን ታክኮ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጫፉ ላይ ጉም ሆኖ ይቀራል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቆላው ሁሉ ወለል ብሎ የታየበት ቦታ፣ ረፋዱ ላይ ከፊት ያለው ዛፍ እንኳ ሊጠፋ ይችላል። ከአዲስ አበባ ማልደው ተነስተው በደርሶ መልስ የሚሄዱ ሰዎች «ምንም አላየንም» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ሲደርሱ ጉሙ ቀድሟቸዋል። መፍትሔው አንድ ነው፦ ዋዜማውን አፋፉ አጠገብ ማደር። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ባትደክሙ ይሻላል።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከፒያሳ በአራት ኪሎ አድርጋችሁ መገናኛ፣ ከዚያ ላምበረት መናኸሪያ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ብትገኙ ጥሩ ነው። ደብረ ብርሃን 130 ኪ.ሜ ነው። መንገድ ላይ ሸኖ አለች፤ ቅቤ ልግዛ የምትሉ ከሆነ ስትመለሱ ግዙ፣ 3 ቀን ይዛችሁት አትዙሩ። ከጫጫ ወዲያ ያለችው አንጎለላ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባት ናት፤ ዛሬ መኪና የሚያስቆም ብዙ ነገር የላትም።

ደብረ ብርሃን ምሳ በሉና ቶሎ ወደ አንኮበር እለፉ፤ 40 ኪ.ሜ ያህል ነው። ሚኒባሱ ሳይሞላ አይንቀሳቀስም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተሳፋሪውም መኪናውም ይሳሳል። ሁለት ወንበር ብቻ ከጎደለ የሁለቱን ሒሳብ ተካፍላችሁ ክፈሉና ተነሱ፤ ከመምሸቱ ይሻላል። አንኮበር ስትደርሱ ወረዳው ከተማ ጎረቤላ ነው፤ የሸዋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት የነበረበት ጉብታ ለብቻው ይታያል። መኪና ከሥር ይቆማል፣ ቀሪው በእግር ነው፤ አቀበቱ አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው። እናትሽ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ከሥር ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ግቢ ሆነው ቢያዩትም ቆላው አይቀርባቸውም። ከአሮጌው ግቢ የቀረው የግንብ ፍራሽ ነው፤ ትልቅ አዳራሽ ጠብቃችሁ አትሂዱ። ወፍ የሚወድ ካላችሁ ግን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኝ ሀብት እዚህ አለ፤ በከተማዋ ስም የምትጠራው የአንኮበር ወፍ በኢትዮጵያ ደጋ አፋፎች ብቻ ትኖራለች።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ሳይመጣ እዩ፣ ከዚያ ወይ ወደ አልዩ አምባ ውረዱ ወይ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሱ። አልዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል ያለች፣ አርጎባና አማራ አብረው የሚኖሩባት፣ ከአፋር የሚመጣው የአሞሌ ጨው ይሸጥባት የነበረች የድሮ ገበያ ናት። ጋቢ ለብሳችሁ ወርዳችሁ በሸሚዝ ትቀራላችሁ። እኔ የምመክረው በገበያዋ ቀን ብቻ ነው፤ በሌላ ቀን መመለሻ መኪና አጥታችሁ ቀኑ ያልቅባችኋል። ቀኑን አንኮበር ስትደርሱ ጠይቁ።

ሁለተኛውን ሌሊት ደብረ ሲና እደሩ። ከአዲስ አበባ 190 ኪ.ሜ ነው፣ ከደብረ ብርሃን ቀጥታ መኪና አለ። ጣርማ በር ከእሷ በላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ያለውም እዚያ ነው። ስትመጡ «ጣርማ በር አውርደን» አትበሉ፤ ከወረዳችሁ በኋላ የሚያልፈው የደሴ መኪና ሞልቶ ስለሚመጣ አይቆምላችሁም። ደብረ ሲና አድራችሁ ጠዋት ባጃጅ ወይም ሚኒባስ በኮንትራት ይዛችሁ ውጡ፤ ሹፌሩ ቆሞ እንዲጠብቃችሁ ሒሳቡን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ጭላዳ ዝንጀሮዎች የሚገኙት ያን ሰዓት ነው። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያድሩና ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ቂጣቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ሳይነሱ እየተንፏቀቁ፣ በሁለት እጃቸው ሣር ይነጫሉ። ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ እየሳቀ አይደለም፤ ራቁ ማለቱ ነው። ዳቦ አትስጧቸው፤ አንዴ ከለመዱ ከእጅ ይነጥቃሉ፣ የገበሬውንም ማሳ አይምሩም። ለመመለስ ከደብረ ሲና መናኸሪያ የሚነሳውን የደብረ ብርሃን መኪና ያዙ። ቆሎ መግዛት አትርሱ፣ ደብረ ሲና የታወቀችበት ነው።

መንዝ ጓሳን፣ ያንን ሕዝቡ የሚጠብቀውን የደጋ ሣር ምድር የጠቀሳችሁ፣ ቦታው ከሁሉም ይበልጣል፤ ለዚህ ጥያቄ ግን አይሆንም። 260 ኪ.ሜ ገደማ ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ምግባችሁን ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ። ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን በራሱ ደንብ ለዓመታት እየዘጋ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲያስፈልግ እየከፈተ ነው የጠበቀው፤ ቀይ ቀበሮ ዛሬም ያለው ለዚህ ነው። ቀበሮው የሚያድነው አይጥ በቀን ስለሚወጣ እሱም በቀን ይታያል። ለብቻው 3 ቀን ስጡት፣ ያለ እናታችሁ።

ጥሬ ብር ያዙ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብርም አብሮ ይጠፋል። ለእያንዳንዱ ሰው ጋቢና ካልሲ ይኑር፤ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አይቻልም። እሮብና ዓርብ ከጾም ምግብ ሌላ ብዙ አትጠብቁ። ከሁሉም በፊት ግን መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋና ሲከፈት ስለሚውል፣ በዋዜማው ላምበረት ሄዳችሁ የመስመሩን ሹፌሮች ጠይቁ። እነሱ ካልወጡ እናንተም አትውጡ፣ የአልጋ ቀብድም ቀድማችሁ አትላኩ።