ለማናቲው ስትል ከሐይቅ ጀምር

የጻፈልኝ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው፤ የባዮሎጂ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። ስለ ማናቲ፣ ውኃ ውስጥ ስለሚኖረው ተክል በል ግዙፍ አጥቢ እንስሳ፣ ዶክመንተሪ አይቶ ልቡ ሸፍቷል። አባቱ ደግሞ «እሱን ትተህ ኮምቦልቻ ፋርማሲ ተማር፤ ክፍያውን ጅዳ ያለችው እህትህ ትችለዋለች» ይሉታል። «ባሕር በሌለበት አገር ሕልሜ ከንቱ ነው ወይ? እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው» ይላል።

ወንድምዓለም፣ ማናቲ እኛ ጋ የለም። አፍሪካዊው ዝርያ ከሴኔጋል እስከ አንጎላ ባሉ ወንዞችና የባሕር ዳርቻዎች ነው የሚኖረው። ቀይ ባሕር ውስጥ ያለው ዘመዱ ዱጎንግ ነው። ሕልምህ ግን ከንቱ አይደለም።

እስቲ የአሜሪካዋን ፍሎሪዳ እይ። በ2021 እ.ኤ.አ. 1,100 ያህል ማናቲዎች ሞቱ። ጀልባ ይገጫቸዋል፣ እሱ የቆየ ጣጣ ነው። ያን ዓመት ግን ብዙዎቹን የፈጃቸው ረሃብ ነው። የቤት ፍሳሽና ማዳበሪያ ውኃው ውስጥ ገብቶ አልጌ የሚባለውን ውኃ የሚያለብስ አረንጓዴ ነገር አፋፋው፤ ብርሃን ያጣው የባሕር ሣር ደረቀ። ማናቲ ደግሞ በቀን የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ተክል ይበላል። ግጦሽ ሲጠፋ ከብት እንዴት እንደሚያልቅ ለወሎዬ አይነገረውም። ማናቲ ቶሎም አይተካም፤ አንድ ዓመት ያህል አርግዞ የሚወልደው ባብዛኛው አንድ ነው። እና ለማናቲ የሚደርስለት ውኃ እየቀዳ አልጌውን የሚያፋፋውን ፎስፈረስ የሚለካው ሰው ነው።

ይህን ሥራ እዚያው ሰፈርህ መጀመር ትችላለህ። ክረምት ላይ ከማሳው ወደ ሐይቁ የሚወርደውን ድፍርስ ጎርፍ ታውቀዋለህ። ሴኪ ዲስክ የሚባል ጥቁርና ነጭ የተቀባ ሳህን አለ፤ አንተም ልትሠራው ትችላለህ። በገመድ አስረህ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ወጥተህ፣ ከታንኳው ላይ አውርደው። ከዓይንህ የጠፋበትን ጥልቀት ጻፍ፤ ውኃው ምን ያህል እንደጠራ የሚነግርህ እሱ ነው። በየሳምንቱ፣ እዚያው ቦታ። እኔም የመጀመሪያ ደመወዜን ያገኘሁት በዚሁ ሳህን ነው። ስትመረቅ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ዩኒቨርሲቲ የዓሣና የውኃ አካላት ሳይንስ አለ።

አባትህ «ማን ይቀጥርሃል?» ቢሉ አልፈርድባቸውም፤ ደመወዙ ትንሽ ነው። ግን ሁለት ዓመት ጥሎ በማይወዱት ትምህርት ከዜሮ መጀመር ኪሳራ ነው። ደግሞስ ብሩ የእህትህ ላብ አይደል? እሷን የጠየቃት አለ? መመለሻዋ ብላ ያሰበችው ቢሆንስ? ለአባትህ መልስ ከመስጠትህ በፊት ለእሷ ደውል።

እንግሊዝኛው አያስጨንቅህ። ስለ ማናቲ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ያዝና መዝገበ ቃላት እየገለጥክ ጨርሰው፤ ከዚያ ሁለተኛውን።